ለሌሊቱ የሚጻፍ ትእዛዝ

በአዲስ አበባ፣ ከዊንጌት እስከ ፓስተር ባለው የጉለሌ ክፍል የአገሪቱን ጤና የሚመለከት ብዙ ቁጥር ይመነጫል፤ ብዙም ይነበባል። የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ ዊንጌት አጠገብ ነው። ሰዉ እስከ ዛሬ ፓስተር እያለ የሚጠራው የኢትዮጵያ የኅብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩትም በዚሁ ክፍለ ከተማ ይገኛል። የመንግሥት ሆስፒታሎችና ጤና ጣቢያዎች ወርኃዊ ሪፖርታቸውን የሚያስገቡበት የኮምፒውተር ሥርዓት ዲኤችአይኤስ 2 ይባላል። መነሻው በኖርዌይ የኦስሎ ዩኒቨርሲቲ ሲሆን፣ በእኛ አገር ጤና ሚኒስቴር በአገር አቀፍ ደረጃ ይሠራበታል። የመረጃ ባለሙያው ቀን ላይ ቁጥሩን ያስገባል፤ ያስቀምጣል። ወዲያው ግራፉን ቢከፍት ግን ያስገባው ቁጥር ብዙውን ጊዜ አይታየውም። በማግስቱ ጠዋት ሲከፍተው ግን ቁጥሩን ቦታውን ይዞ ያገኘዋል።

በዚያ መካከል አንድ ሥራ ተሠርቷል። የገባው ቁጥር የሚከማችበት ሠንጠረዥ ሌላ ነው፤ ግራፍና ማጠቃለያ ሲጠየቅ የሚነበበው ሠንጠረዥ ሌላ። ሁለተኛው ከመጀመሪያው እየተቀዳ፣ በወረዳ፣ በዞንና በክልል እየተደመረ የሚሰናዳ ነው። ይህ የማሰናዳት ሥራ ለሰርቨሩ ከባድ ስለሆነ ሰው በሚሠራበት ሰዓት አይካሄድም። ሌሊት ኮምፒውተሩ በራሱ ይጀምረዋል። ያዘዘው ሰው ምናልባት ከዓመት በፊት በአንድ መስመር ጽሑፍ አዝዞ ሄዷል፤ ትእዛዙ እስኪሻር ድረስ በየሌሊቱ ይፈጸማል።

ይህ ምዕራፍ ስለዚያ መስመር ነው። እንዴት እንደሚጻፍ፣ በስክሪን ላይ እየጫኑ ከማዘዝ ይልቅ መጻፉ ለምን እንደሚሻል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የእኛ ሰዓትና የእኛ ቀን መቁጠሪያ በመስመሩ ውስጥ እንዴት እንደሚገቡ እናያለን። ይህ የመጨረሻው ጉዳይ በውጭ አገር መማሪያዎች ውስጥ ቦታ የለውም። እኛው ካልጻፍነው የሚጽፍልን የለም።

አምስቱ ቦታዎች

በሙያው ያሉ ሰዎች እንዲህ ያለውን ሥራ ጆብ ይሉታል፤ ጊዜ መመደቡን ደግሞ ሼድዩል ማድረግ። በሊኑክስ ሰርቨሮች ላይ ለዚህ የሚያገለግለው የተለመደ መሣሪያ ክሮን ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ከወጣው ከሰባተኛው የዩኒክስ እትም ጋር ተሰራጨ፤ ፖል ቪክሲ በ1987 የጻፈው ቅጂ ዛሬ ለምናውቀው መልክ መሠረት ሆነ። ባለሙያው ተርሚናል ከፍቶ ክሮንታብ የሚለውን ትእዛዝ ከማረሚያ ምልክቱ ጋር ሲጽፍ አንድ ፋይል ይከፈትለታል። በፋይሉ ውስጥ አንድ ጆብ አንድ መስመር ነው። መስመሩ በአምስት ቦታዎች ይጀምራል፦ ደቂቃ፣ ሰዓት፣ የወሩ ቀን፣ ወር፣ የሳምንቱ ቀን። ከዚያ የሚፈጸመው ትእዛዝ ይከተላል። የኮከብ ምልክት ያለበት ቦታ "በሁሉም" ተብሎ ይነበባል።

30 1 * * * /ሥራ/ማጠቃለያ

ይህ መስመር በየቀኑ 1 ሰዓት ከ30 ደቂቃ ላይ ማጠቃለያ የተባለውን ፕሮግራም አስነሣ ይላል። ኮምፒውተሩ ቀኑን ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምር፣ በእኛ አነጋገር ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል መሆኑ ነው። ዲኤችአይኤስ 2 ራሱ የሚቀበለው መስመር ከፊቱ የሰከንድ ቦታ ተጨምሮበት ስድስት ቦታ አለው። ከአንዱ ቀድቶ ወደ ሌላው የሚለጥፍ ሰው ሁሉም ቦታ በአንድ እንደሚንሸራተትበት ልብ ይበል፤ ሰከንዱ ደቂቃ፣ ደቂቃው ሰዓት፣ ሰዓቱ የወሩ ቀን ይሆናል።

የሰዓቱ ጉዳይ ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን በአገራችን ብዙ ጆብ የሚሳሳተው እዚሁ ላይ ነው። ኃላፊው "ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ይሁን" ይላል። ጸሐፊው እንደሰማው 8 ብሎ ከጻፈ ሥራው የሚነሣው ከጠዋቱ 2 ሰዓት፣ ሠራተኛው ወንበሩን ይዞ ኮምፒውተሩን በከፈተበት ሰዓት ነው። የስድስት ሰዓቱን ልዩነት ሁሉም ያውቀዋል፤ ችግሩ ማን እንደሚቀንሰው አስቀድሞ አለመነገሩ ነው። ስለዚህ በጽሑፍ የሚሰጥ የሥራ ጥያቄ ሁለቱንም ሰዓት ቢይዝ ጥሩ ነው።

ቀኑም እንደዚሁ ያሳስታል። "እሑድ ሌሊት 8 ሰዓት" የተባለ ሥራ ለየትኛው ቀን ነው? አንዱ የቅዳሜውን ምሽት ተከትሎ የሚመጣውን ሌሊት ያስባል፤ ሌላው የእሑዱን ምሽት ተከትሎ የሚመጣውን። "ለሰኞ አጥቢያ" ከተባለ ግን ጥርጥር አይኖርም፤ ኮምፒውተሩም በዚያ ሰዓት ሰኞ ገብቷል ብሎ ስለሚቆጥር መስመሩ እንዲህ ይሆናል።

0 2 * * 1 /ሥራ/ሳምንታዊ

አሁን ሌላ ነገር እንጨምር። ብዙ ሰርቨሮች፣ በተለይ በውጭ አገር ኩባንያዎች የሚከራዩት፣ ሰዓታቸው የተሞላው በዓለም አቀፉ የሰዓት መለኪያ ነው፤ ከአዲስ አበባ በሦስት ሰዓት ወደ ኋላ ይቀራል። በእንዲህ ያለ ሰርቨር ላይ ለሰኞ አጥቢያ ሌሊት 8 ሰዓት የሚባለው ገና እሑድ 23 ሰዓት ነው፤ መስመሩም 0 23 * * 0 ተብሎ መጻፍ አለበት። ሰዓቱ ብቻ ሳይሆን ቀኑም ተቀየረ። ደግነቱ በአገራችን በበጋና በክረምት ሰዓት ወደፊትና ወደ ኋላ አይገፋም። አውሮፓ ውስጥ በዓመት ሁለት ሌሊት ጆብ የሚያዘልል ወይም ሁለቴ የሚያስነሣ መዘዝ እኛን አይነካንም።

ስለ ክሮን ጠባይ ሁለት ነገር ብቻ ልጨምር። የወሩ ቀንና የሳምንቱ ቀን ሁለቱም በቁጥር ከተሞሉ ክሮን ሁለቱ እስኪገጣጠሙ አይጠብቅም፤ አንዱ በተሟላ ቁጥር ይነሣል። ወር በገባ በ13ኛው ቀን፣ ያውም አርብ ሲሆን ብቻ እንዲሠራ የተጻፈ ጆብ በ13ኛውም ቀን በየአርቡም ይሠራል። ሁለተኛው፣ ክሮንታብን ለማረም የሚጻፈው ምልክት ኢ ሲሆን ሙሉውን ፋይል ለመደምሰስ የሚጻፈው አር ነው። በኪቦርዱ ላይ ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፤ መደምሰሻውም በብዙ ሰርቨሮች ላይ ማረጋገጫ አይጠይቅም። ያለ ቅጂ የተቀመጠ ክሮንታብ በአንድ ጣት መሳት ይጠፋል።

በጽሑፍ የሚያዝ

ዊንጌት ሰፈር ስሙን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1946 ከተከፈተው የጄኔራል ዊንጌት ትምህርት ቤት ነው፤ ትምህርት ቤቱ ደግሞ በ1933 ዓ.ም. በጎጃም በኩል ከአርበኞች ጋር ሆኖ ከተዋጋው እንግሊዛዊ የጦር መኮንን ከኦርድ ዊንጌት። ዛሬ ግቢው የፖሊ ቴክኒክ ኮሌጅ ነው። የቴክኒክና ሙያ ተማሪ በመጀመሪያው ዓመት ከሚለምዳቸው ነገሮች አንዱ ያለ ንድፍ ሥራ አለመጀመር ነው፤ ንድፉ ወረቀት ላይ ካለ ሌላ ሰው አይቶ ያርመዋል፣ ሠሪው ቢሄድም ሥራው ይቀጥላል። ለሰርቨር የሚሰጥ ትእዛዝም ይኸው ይገባዋል።

አንድ ትልቅ ባንክ፣ አየር መንገድ ወይም የቴሌኮም ድርጅት በአንድ ሌሊት የሚያስነሣው ጆብ በመቶዎችና በሺዎች ይቆጠራል። ለዚህ ክሮን አይበቃም፤ አንዱ ሰርቨር ላይ ያለው ክሮን ሌላው ሰርቨር ላይ የሆነውን አያውቅም። ስለዚህ ብዙ ሰርቨሮችን ከአንድ ቦታ የሚመሩ ሶፍትዌሮች ተሠሩ፤ አውቶሲስ፣ ኮንትሮል-ኤም፣ የአይቢኤም ወርክሎድ ስኬጁለር ከታወቁት ናቸው። ሁሉም ያማረ ስክሪን አላቸው፤ ሣጥን እየጎተቱ፣ መስመር እያገናኙ ጆብ መፍጠር ይቻላል። ሁሉም ደግሞ ጆቡን በጽሑፍ ፋይል ጽፎ ከትእዛዝ መስመር የማስገባት መንገድ አላቸው። ሁለተኛውን መንገድ አጥብቄ እመርጣለሁ። አንድ ሰው በስክሪን ላይ አሥራ ሁለት ቦታ ጫን ጫን አድርጎ የፈጠረውን ጆብ ማንም ቆሞ አላየውም። በፋይል የተጻፈውን ግን ከመግባቱ በፊት ባልደረባው ያነበዋል፣ ከትናንቱ ጋር ያስተያየዋል፣ በሙከራ ሰርቨር ላይ ይፈትነዋል። ሰርቨሩ ቢቃጠል ፋይሉን እንደገና ማስገባት ይበቃል።

አውቶሲስ የሚጠቀምበት የአጻጻፍ ቋንቋ ጂል ይባላል። ቁልፍ ቃላቱ የሚጻፉት በላቲን ፊደል ነው፤ እዚህ ድምፃቸውን በፊደላችን አስቀምጫለሁ።

ኢንሰርት_ጆብ: ወር_መዝጊያ
ጆብ_ታይፕ: ሲ
ማሽን: ሰርቨር1
ኮማንድ: /ሥራ/ወር_መዝጊያ
ዴት_ኮንዲሽንስ: 1
ራን_ካሌንደር: የወር_መጨረሻ
ስታርት_ታይምስ: "22:00"
ኮንዲሽን: ኤስ(ባካፕ)
አላርም_ኢፍ_ፌይል: 1

የመጀመሪያው መስመር አዲስ ጆብ መፈጠሩንና ስሙን ይናገራል። ሁለተኛው ዓይነቱን ይገልጻል፤ ሲ ማለት ትእዛዝ የሚፈጽም ጆብ ነው። ቢ ቢባል ሌሎች ጆቦችን በውስጡ የሚይዝ ሣጥን ይሆን ነበር። ቀጥሎ የትኛው ማሽን ላይ፣ ምን እንደሚፈጸም ይመጣል። ዴት_ኮንዲሽንስ 1 ሲሆን ጆቡ በቀንና በሰዓት የሚመራ ነው ማለት ነው። ራን_ካሌንደር ቀኖቹን ከየትኛው የቀን ዝርዝር እንደሚያነብ ያመለክታል፤ ወደ እሱ እመለሳለሁ። 22:00 ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው። ፋይሉ ጂል በሚባለው ትእዛዝ ውስጥ ሲገባ ሶፍትዌሩ አንብቦ ይመዘግበዋል። ቀድሞ በስክሪን የተፈጠረ ጆብ ካለም አውቶሬፕ የሚባል ትእዛዝ በዚሁ አጻጻፍ መልሶ ያወጣዋል፤ ስለዚህ ለዓመታት በስክሪን ሲሠራ የቆየ ክፍልም ጆቦቹን በአንድ ቀን ወደ ጽሑፍ ማምጣት ይችላል።

ኮንዲሽን የሚለውን መስመር ቆም ብለን እንየው። ኤስ(ባካፕ) ማለት ባካፕ የተባለው ጆብ በስኬት ካልተጠናቀቀ ይህኛው አይነሣም ማለት ነው። ሰዓቱ መድረሱ አይበቃም፤ ሁለቱም መሟላት አለባቸው። ኮምፒውተሩ ስኬትን የሚያውቀው ፕሮግራሙ ሲያበቃ በሚተወው ቁጥር ነው፤ 0 ከሆነ ተሳክቷል፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ ወድቋል። ክሮን ብቻ ያለው ሰው ይህን በግምት ነው የሚሠራው፤ ባካፑ አንድ ሰዓት ይበቃዋል ብሎ ቀጣዩን ከአንድ ሰዓት በኋላ ይጽፋል። መረጃው እየበዛ ሄዶ ባካፑ ሰዓት ከሩብ የፈጀ ሌሊት ወር መዝጊያው ባላለቀ ባካፕ ላይ ይነሣል።

ባንኮች ቀን የሚዘጉበት ሥራ የዚህ ቅደም ተከተል ትልቁ ምሳሌ ነው። የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ የሚጠቀምበት ቲ24 የተባለው የቴሜኖስ ሥርዓት የሌሊቱን ሥራ፣ ባለሙያዎቹ ሲኦቢ የሚሉትን፣ በአምስት ደረጃ ይከፍለዋል፦ መጀመሪያ የየአገልግሎቱ ሒሳብ፣ ቀጥሎ ባንኩን በሙሉ የሚመለከተው፣ ከዚያ ሪፖርት፣ ከዚያ የማግስቱ ቀን መክፈቻ፣ በመጨረሻ ሥራ ከተከፈተ በኋላም ሊካሄድ የሚችለው። አንዱ ደረጃ ሳያልቅ ቀጣዩ አይጀምርም።

አንድ ጆብ ለጊዜው እንዳይሠራ ሲፈለግ በአውቶሲስ ሁለት መንገድ አለ፤ ልዩነታቸውን የማያውቅ ሰው ብዙ ያበላሻል። "ሆልድ" የተደረገ ጆብ ይቆማል፤ እሱን የሚጠብቁት ሁሉ አብረው ይቆማሉ። "አይስ" የተደረገ ጆብ ግን ከሰንሰለቱ እንደወጣ ይቆጠራል፤ የሚጠብቁት ጆቦች ሁኔታው እንደተሟላላቸው ቆጥረው ይቀጥላሉ። ባካፑን ለአንድ ሌሊት አይስ ያደረገ ባለሙያ ወር መዝጊያው ያለ ባካፕ እንዲነሣ ፈቅዷል። ሲለቀቁም ይለያያሉ፤ ከሆልድ የተለቀቀ ጆብ ሁኔታው ተሟልቶ ከሆነ ያኔውኑ ይነሣል፣ ከአይስ የወጣው ግን ቀጣዩን ተራ ይጠብቃል።

የፋይሉ የመጨረሻ መስመር፣ ጆቡ ሲወድቅ ማስጠንቀቂያ እንዲሰጥ የሚያዘው፣ ሊዘነጋ አይገባም። መጋቢት 6 ቀን 2016 ዓ.ም. አርብ፣ ለቅዳሜ አጥቢያ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ሥርዓት ላይ በተፈጠረ ችግር ደንበኞች በሒሳባቸው ካለው በላይ ሲያወጡና ሲያስተላልፉ አደሩ፤ ብሔራዊ ባንክ በወቅቱ መንስኤውን ከሥርዓት ጥገናና ፍተሻ ሥራ ጋር አያይዞታል። እዚህ የማነሣው ለአንድ ነጥብ ነው፦ ሌሊት የተፈጠረ ችግር የሚቆመው ሰው ሲያውቀው ነው። ማስጠንቀቂያ የሌለው ጆብ ቢወድቅ የሚሰማው ጠዋት ሪፖርቱን የጠየቀው ኃላፊ ነው።

ሠላሳኛው ቀን

የሊኑክስ ኮምፒውተር ጊዜን የሚቆጥረው እ.ኤ.አ. ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ባለፉት ሰከንዶች ነው። ያ ቅጽበት በእኛ አቆጣጠር ታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ነበር፤ አዲስ አበባ ላይ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ከዚያ ቁጥር ላይ ወርና ቀን ሲያወጣ የሚከተለው የጎርጎርዮስን ቀመር ነው፤ ክሮንም፣ ጂልም ሌላ አያውቁም። የመንግሥት ደመወዝ ግን በኢትዮጵያ ወር ይከፈላል። የመንግሥት በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ተከፍቶ ሰኔ 30 ይዘጋል። ባንኮች ደግሞ ሒሳባቸውን የሚዘጉት ጁን 30 ማለትም ሰኔ 23 ነው። በሳምንት ልዩነት ሁለት ዓመት መዝጊያ አለን፤ ከሁለቱም ጋር የሚሠራ ድርጅት ሁለት የቀን ዝርዝር ያስፈልገዋል።

በየኢትዮጵያ ወር 30ኛ ቀን ከምሽቱ 4 ሰዓት የሚነሣ ጆብ በክሮን ቢጻፍ እንዲህ ይወጣል።

0 22 10 10 * /ሥራ/ወር_መዝጊያ
0 22 9 3,11,12 * /ሥራ/ወር_መዝጊያ
0 22 8 1,4,5 * /ሥራ/ወር_መዝጊያ
0 22 7 2,6,7 * /ሥራ/ወር_መዝጊያ
0 22 6 8 * /ሥራ/ወር_መዝጊያ
0 22 5 9 * /ሥራ/ወር_መዝጊያ

አንድ ሥራ ስድስት መስመር ፈጀ። መስከረም 30 ኦክቶበር 10፣ ጥቅምትና ኅዳር 30 ኖቬምበርና ዲሴምበር 9፣ እያለ ነሐሴ 30 ሴፕቴምበር 5 ላይ ይደርሳል። ጳጉሜን የራሷ ደመወዝ ስለሌላት አልገባችም። ስድስቱ መስመሮች ለሦስት ዓመት ያህል ያለ እንከን ይሠራሉ፤ ሰውም ይረሳቸዋል። ከዚያ የሉቃስ ዓመት ጳጉሜን 6 ትሆናለች፣ አዲሱ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ይገባል፣ ከመስከረም እስከ ጥር ያሉት አምስት ወሮች በአንድ ቀን ይገፋሉ። የካቲት ላይ የፌብሩዋሪ 29 መጨመር ነገሩን መልሶ ያስተካክለዋል። በእነዚያ አምስት ወሮች ጆቡ የሚነሣው በ29ኛው ቀን ነው፤ የመጨረሻው ቀን ሥራ ሳይገባ ወሩ ይዘጋል። ስህተቱ በአራት ዓመት አንዴ ስለሚመጣ፣ ሲመጣ የጻፈው ሰው ሌላ መሥሪያ ቤት ሄዷል።

ብዙዎች የሚመርጡት መፍትሔ ጆቡን በየቀኑ አስነሥቶ የፕሮግራሙ የመጀመሪያ መስመር "ዛሬ በኢትዮጵያ አቆጣጠር 30 ነው?" ብሎ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ካልሆነ ዝም ብሎ ይወጣል። ይሠራል፤ ጉድለቱ መዝገቡ ላይ በየቀኑ "ተሳክቷል" የሚል ስለሚጻፍ እውነተኛው የመዝጊያ ቀን ከሌሎቹ ሃያ ዘጠኝ ጋር መደባለቁ ነው። ከዚህ የሚሻለው ቀኖቹን በራሳቸው ፋይል ዘርዝሮ ለሶፍትዌሩ መስጠት ነው። አውቶሲስ የቀን ዝርዝርን ከጽሑፍ ፋይል የሚቀበል የራሱ ትእዛዝ አለው፤ ከላይ ራን_ካሌንደር ብለን የጻፍነው የሚያነበው ይህን ነው። ዝርዝሩን ሰው ያነበዋል፣ የሒሳብ ክፍሉም አይቶ ይፈርምበታል።

የጤና ሪፖርት ደግሞ ሌላ ወር አለው። የጤና ተቋማት የሪፖርት ወር ባለፈው ወር 21 ጀምሮ በወሩ 20 ያበቃል። የመስከረም ሪፖርት ስለዚህ ከነሐሴ 21 እስከ መስከረም 20 ይሄዳል፤ ጳጉሜንን በሆዱ ይዞ 35 ቀን ይሆናል፣ ጳጉሜን 6 ስትሆን 36። ምንም በሽታ ሳይጨምር የመስከረም ቁጥር በስድስተኛ ያህል ከፍ ይላል ማለት ነው። ያለፈውን ወር ከአሁኑ አስተያይቶ "ጭማሪ አለ" የሚል ማስጠንቀቂያ በራሱ የሚልክ ጆብ የሚጽፍ ሰው ቁጥሩን በቀኖቹ ብዛት ማካፈል አለበት፤ አለበለዚያ በየዓመቱ መስከረም ላይ ያልተከሰተ ወረርሽኝ ያውጃል።

በዓላት ቀሩ። እዚህ ላይ ከማንም የተሻለ ቅርስ አለን። የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበት ባሕረ ሐሳብ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በመደመር፣ በመቀነስ፣ በማባዛት፣ በማካፈልና በመግደፍ የሚሄድ ስሌት ነው፤ ለኮምፒውተር ለመጻፍ አንድ ገጽ አይሞላም። 2019 ዓ.ም.ን እንውሰድ። 5500 ሲደመር 2019፣ ዓመተ ዓለሙ 7519 ነው። ለ4 ሲካፈል መጠነ ራብዒቱ 1879፣ ቀሪው 3፤ ሉቃስ። 7519 እና 1879 ተደምረው ለ7 ሲካፈሉ 4 ይቀራል፤ መስከረም 1 አርብ ነው። 7519 ለ19 ሲካፈል የሚቀረው 14፣ አንድ ተቀንሶለት ወንበሩ 13። 13 በ19 ተባዝቶ፣ በ30 ሲገደፍ መጥቁ 7 ይሆናል። ከ14 ስለሚያንስ በዓለ መጥቅ ጥቅምት 7 ይውላል፤ ዕለቱ ቅዳሜ፣ የዕለቱ ተጨማሪ ቁጥር (ተውሳኩ) 8። 7 እና 8 ሲደመሩ 15፤ ጾመ ነነዌ የካቲት 15። የፋሲካ ተውሳክ 9 ሲጨመርበት ፋሲካ ሚያዝያ 24 ቀን 2019 ዓ.ም. ይሆናል፤ እ.ኤ.አ. ሜይ 2 ቀን 2027።

ከዚህ ስሌት አንድ የሚጠቅም ነገር ወዲያው ይወጣል። ስቅለት ሚያዝያ 22 ነው፤ አፕሪል 30። በፈረንጅ ወር ደመወዝ የሚከፍል ድርጅት የወር መጨረሻው ከስቅለት ጋር ገጠመ፤ ማግስቱ ሜይ 1 የሠራተኞች ቀን፣ ከዚያ ፋሲካ። የደመወዝ ጆቡ ወደ ኀሙስ ሚያዝያ 21 መምጣት አለበት፤ ይህን ዛሬ ተቀምጦ በወረቀትና በእስክሪብቶ ማወቅ ይቻላል። ለኢድ አልፈጥርና ለአረፋ ግን ስሌት ብቻውን አይበቃም፤ ቀኑ በጨረቃ መታየት ስለሚረጋገጥ በዝርዝሩ ውስጥ ሁለት አማራጭ ቀን አስቀምጦ ማስታወቂያው ሲወጣ አንዱን የሚያጸና ሰው መመደብ ግድ ነው። ያም ሰው በስሙ በፋይሉ ላይ ይጻፍ።

መብራት ሲጠፋ

ክሮን ያለፈ ሰዓት አያስታውስም። ሌሊት 7 ሰዓት ተኩል ላይ ማሽኑ ጠፍቶ ከነበረ፣ 8 ሰዓት ሲበራ ያመለጠውን ጆብ አያነሣም፤ የነገውን ይጠብቃል። ጄኔሬተር ለሌለው ጤና ጣቢያ ወይም ለአነስተኛ ድርጅት ይህ በየሳምንቱ ሊገጥም የሚችል ነገር ነው። አናክሮን የሚባለው መሣሪያ የተሠራው ለዚህ ነው፤ በቀን፣ በሳምንት ወይም በወር አንዴ የሚሠራ ጆብ ካመለጠ ማሽኑ ሲነሣ ያካሂደዋል። በአዳዲሶቹ ሊኑክሶች ላይ ያለው የሲስተምዲ ታይመርም ፐርሲስተንት የሚል መስመር ከተጨመረለት እንደዚሁ ያደርጋል።

ያመለጠን ሥራ ማካካስ ግን የራሱ አደጋ አለው። መብራቱ የጠፋው ጆቡ ተጀምሮ ግማሽ ላይ ሳለ ቢሆንስ? ግማሽ ደመወዝ ተልኳል፤ እንደገና ሲነሣ ከመጀመሪያው ቢልክ ግማሹ ሠራተኛ ሁለቴ ይከፈለዋል። ስለዚህ ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ክፍያ ከመላኩ በፊት "ይህ ለዚህ ወር ተልኳል ወይ?" ብሎ ከመዝገብ ማየት ይኖርበታል። ሁለቴ ቢነሣ እንደ አንዴ እንዲሆን ተደርጎ ያልተጻፈ የገንዘብ ጆብ በራሱ እንዲነሣ ሊፈቀድለት አይገባም። ኤፍሎክ የተባለች ትንሽ ትእዛዝ ደግሞ የመጀመሪያው ሳያልቅ ሁለተኛው እንዳይገባ በሩን ትዘጋለች፤ በመስመሩ ላይ ከሚፈጸመው ትእዛዝ ፊት ጨምሯት።

በጳውሎስም ሆነ በየትኛውም መሥሪያ ቤት ሰርቨር የምትጠብቁ ባለሙያዎች፣ በዊንጌት ግቢና በሌሎች ኮሌጆች ሙያውን የምትማሩ ወጣቶች፣ አንድ ነገር እንድታደርጉ እለምናችኋለሁ። የምትጠብቁትን ሰርቨር ክሮንታብ ወይም ጂል ፋይል ክፈቱ፤ የወር መጨረሻ የሚል ጆብ ፈልጉ፤ መስከረም 30 ቀን 2020 ዓ.ም.ን ስጡትና በየትኛው ቀን እንደሚነሣ እዩ። መልሱ ኦክቶበር 10 ቀን 2027 ከሆነ ስህተት ነው። ትክክለኛው ኦክቶበር 11 ነው።